ሽሮ ቤቶቹስ ወዴት ሄዱ?

አቶ መለስ ዜናዊ በሥልጣናቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከዓሥር ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን የት ማየት እንደሚሹ ተጠይቀው፣ ኢትዮጵያዊ በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላበትን ዘመን እንደሚመኙ መመለሳቸው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ደጋፊዎቻቸው የመሪ ትሕትና፣ ነቃፊዎቻቸው ያልተፈጸመ ቃል አድርገው ሲያነሡትና ሲጥሉት ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ክርክሩ ግን ምን ጊዜም በቁጥሩ ላይ ነው፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ ሁለት ጊዜ ነው፣ ወይስ አንድ ጊዜ? ሰው የት ይበላል፣ በማን ገንዘብ ይበላል፣ ከማን ጋር ተቀምጦ ይበላል የሚሉት ጥያቄዎች የፖለቲካ ጥያቄዎች ተደርገው ሲነሡ እምብዛም አንሰማም።

እኔ የማነሣው የአዲስ አበባን ትንንሽ ምግብ ቤቶች ጉዳይ ነው። ባለ ኮከብ ሆቴሎችን፣ እስክስታ የሚታይባቸውን የባህል አዳራሾች፣ ወይም አንድ ማኪያቶ የቀን ሠራተኛን ምሳ የሚያህል ዋጋ የሚጠየቅባቸውን ባለ መስታወት ካፌዎች ማለቴ አይደለም። አንባቢ የትኞቹን እንደምል ያውቃል፤ አራት ወይም አምስት ጠረጴዛ ያላቸው፣ ደጃፋቸው ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ለእጅ መታጠቢያ የቆመላቸው፣ የምግብ ዝርዝራቸው በአስተናጋጇ አንደበት የሚቀርብ፣ ስም ቢኖራቸውም ደንበኛው በባለቤቷ ስም የሚጠራቸው ቤቶች። ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በእንጀራ፣ ጾም ካልሆነ ቅቅልና ጥብስ፤ ከዚያም የጀበና ቡና። ለመምህሩ፣ ለታክሲ ረዳቱ፣ ለጸሐፊዋ፣ ለግንበኛው፣ ከዩኒቨርሲቲ ካፌ ወጥቶ በ«ነን ካፌ» ለሚኖረው ተማሪ ምሳ ማለት ይህ ነው። ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ሁሉንም በአንድነት «ሽሮ ቤት» እላቸዋለሁ፤ ሥጋ የሚሠሩትም ቅር አይላቸው።

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ስትፈርስና ስትሠራ፣ በመጀመሪያ ፒያሳ ከነዶሮ ማነቂያው፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ካሳንቺስ ተነሥተዋል። ስለ ፈረሱት አሮጌ ቤቶችና ስለ ቅርስ ተጽፏል፤ ስለ ተነሺዎቹ ነዋሪዎችም፣ በቂ ባይሆንም፣ ተብሏል። ስለ ሽሮ ቤቶቹ የተባለው ግን ከምንም አይቆጠርም። ዝምታው ከንቀት የመጣ ይመስለኛል። ሽሮ ቤት የሀገር ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ምሁር ብዙ አይደለም፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ምሁሩ ራሱ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል።

ጉዳዩ የሀገር ጉዳይ ነው የምልበትን ምክንያት ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይለኛል። በታሪካችን ሰው ከቤቱ ውጭ የሚበላባቸው መንገዶች ለረጅም ዘመን የታወቁ ነበሩ። ዘመድ ይደግሳል፤ መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ሆኖ ያድራል፤ ጌታ ግብር ያበላል። ከእነዚህ ውስጥ የፖለቲካ ተቋም የነበረው ግብሩ ነው። በግብር አዳራሽ ሰው የሚቀመጠው እንደ ማዕረጉ ነው፤ ሥጋውም ጠጁም የሚደርሰው እንደ ማዕረጉ ነው። መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ሌላው በተራው ይገባል። በልቶ የወጣ ሁሉ ያበላውን ጌታ ዕዳ ይዞ ይወጣል፤ ዕዳው በገንዘብ የሚከፈል ሳይሆን በታማኝነት፣ ሲያስፈልግም በደም የሚከፈል ነው። «እንጀራውን በልቼ» የሚለው አነጋገራችን ከዚህ የራቀ ትርጉም የለውም።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ከፍተው በገንዘብ የሚበላበት ቤት ለከተማዋ ሲያስተዋውቁ፣ መኳንንቱ ነገሩን እንደ ነውር ቆጥረው ስላፈገፈጉ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው እየወሰዱ አስለመዷቸው የሚል ወግ ሲነገር ኖሯል። ዝርዝሩ ከተራኪ ተራኪ ቢለያይም፣ ወጉ ይህን ያህል ዘመን መኖሩ በራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ነውሩ ምን ነበር? አንደኛው መልስ ቀላል ነው፤ እህል መሸጥ የእንግዳ ተቀባይነት ተቃራኒ ነው፣ ከፍሎ የሚበላም ዘመድ ያጣ ሰው ነው። ሁለተኛው መልስ ግን ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ከፍሎ የበላ ሰው ለማንም ዕዳ የለበትም። ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲወጣ የማንም አሽከር አይደለም። ከግብር አዳራሽ ወደ ሽሮ ቤት የተደረገው ጉዞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ሕዝብ ከሎሌነት ወደ ዜግነት ካደረጋቸው ጥቂት እውነተኛ ጉዞዎች አንዱ ነው። አዋጅ አልታወጀለትም፤ ሐውልትም አልቆመለትም። ያካሄዱትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ይህን በቸልታ ማለፍ አይገባም። ወደ አዲስ አበባ የፈለሰች ሴት፣ መሬት ሳይኖራት፣ ትምህርት ሳይኖራት፣ ባል ቢኖራትም ባይኖራትም፣ ከእጇ የማይወሰድባት ካፒታል የጓዳ ሙያዋ ነበር። ጠላና ጠጅ ጠመቀች፤ እንጀራ ጋገረች፤ ወጥ ሠራች። የግል ድርጅት፣ የሥራ ፈጠራ፣ የሴቶች አቅም ግንባታ እየተባለ በአዳራሽ ወረቀት ከመቅረቡ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ያለ ሥልጠናና ያለ ብድር ይህን ሁሉ ስታደርግ ኖረች። ልጆቿንም አስተማረችበት። በዩኒቨርሲቲ የምናስተምር ሰዎች እናቶቻችን ምን ሠርተው እንዳሳደጉን በይፋ ብንጠያየቅ ስንቶቻችን ከዚህ ጓዳ እንደወጣን ይታይ ነበር።

ታዲያ ሽሮ ቤቱ መሐል ከተማ ላይ ርካሽ ሆኖ እንዴት ሊኖር ቻለ? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ጓዳ ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ ሕግ ውስጥም አለ። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር ተወለደ። ኪራዩም ለዓሥርት ዓመታት የስም ያህል ሆኖ ቀረ። ይህ ሥርዓት ቤቶቹን እንዳስረጃቸው አይካድም፤ ማንም የራሱ ያልሆነውን ጣሪያ በገንዘቡ አያድስምና። ነገር ግን ያው የሚያፈስ ጣሪያ ነው ለሽሮዋ ዋጋ ጠባቂ የሆነው። የፊት ክፍሏን ለተመጋቢ የለቀቀች፣ በጓሮ የምታበስል፣ ልጆቿን በቆጥ ላይ የምታስተኛ ሴት፣ ከቢሮዎችና ከሚኒስቴሮች የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ሆና ለተላላኪው በሚችለው ዋጋ ልትሸጥለት የቻለችው የቦታ ኪራይ ስላልከፈለች ነው። ካሳንቺስን ካሳንቺስ ያደረገው ይህ ነበር። (ስሙ እንኳ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፤ ለቢሮ ሠራተኛ የተሠራ ሰፈር፣ በመጨረሻም የቢሮ ሠራተኛ ምሳ የሚበላበት ሰፈር።)

የቀረውን ሒሳብ ባለሙያዋ ታውቀዋለች። በርበሬና የሽሮ እህል ዋጋ ሲወርድ ተገዝቶ ይዘጋጃል። እንጀራ ከጋጋሪዎች በየማለዳው በቁጥር ይመጣል። ትናንት የተረፈው እንጀራ ዛሬ ጠዋት ፍርፍር ነው፤ ከዚያም ያለፈው ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ የሚጣል ነገር የለም፤ ትርፉም ያለው እዚያው ነው። ሰሜንና ደቡብ እየተባለ በልማት ኢኮኖሚክስ ከሚሰጠው ትንተና ይልቅ የአንዲት ባለ ሽሮ ቤት የወር ሒሳብ የአዲስ አበባን ኢኮኖሚ በተሻለ ያስረዳል ብል ባልደረቦቼ ይቆጡኝ ይሆናል።

ከሒሳቡ ጎን አንድ ደብተር አለ፤ የዱቤ ደብተር። ግድግዳው ላይ «ዱቤ የለም» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ከባንኮኒው በታች ደብተሩ መኖሩን የማያውቅ ደንበኛ የለም። ደመወዝ ከወሩ አጋማሽ በማያልፍበት ከተማ ይህ ደብተር ባንክ ነው። ያለ መያዣና ያለ ወለድ የሚያበድር፣ ዋስትናውም ተበዳሪው ነገም ለምሳ መምጣቱ ብቻ የሆነ ባንክ። ሰፈሩ ሲነሣ ታዲያ ይህ ባንክ ምን ይሆናል? ደንበኛው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ባለቤቷ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይበተናሉ። ደብተሩ እጇ ላይ አለ፤ በውስጡ የተጻፉት ሰዎች ግን የሉም። ጨዋዎቹ ስልክ ደውለው ይከፍላሉ። የቀሩት መክፈል ቢፈልጉ እንኳ የት እንዳለች አያውቁም።

ሕጉን እናንሣ። የሕዝብ ጥቅም ለሚባል ዓላማ የሚለቀቅ ይዞታን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀደመው የተሻለ መሆኑን መመስከር ይገባል፤ ለንብረት ብቻ ሳይሆን ለኢኮኖሚ ጉዳትና ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ጭምር ካሳ የሚል ሐሳብ ይዟል። ትስስር ሲበጠስ ጉዳት መሆኑን ሕግ አውጪው ተረድቷል ማለት ነው። ግን አዋጁ ባለይዞታን መነሻ አድርጎ የተጻፈ ነው። ከቀበሌ ቤት ነዋሪ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሽሮ የምትሸጥ ሴት በየትኛው መዝገብ ላይ ትገኛለች? በእርሷ ሥር የምታስተናግደው ከገጠር የመጣች ልጅስ? በየማለዳው ሠላሳ እንጀራ የምታቀርበው ጋጋሪስ? የአንድ ሽሮ ቤት መነሣት የአንድ ሰው መነሣት አይደለም።

«ምትክ ቤት ተሰጥቷቸዋል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት አግኝተዋል፤ ከካሳንቺስ የተነሡ ብዙዎች ገላን ጉራ ገብተዋል። ከሚያፈስ ጣሪያና ከጋራ መጸዳጃ ቤት ወጥቶ የራስን በር መዝጋት ትልቅ ነገር መሆኑን የሚክድ ያን ኑሮ የማያውቅ ብቻ ነው። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ሽሮ ቤት አይከፈትም። ምድር ቤት ያሉት የንግድ ክፍሎች ደግሞ፣ የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብሩ ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ እንደምናውቀው፣ በጨረታ የሚተላለፉ ናቸው። ጨረታ ማለት ብዙ ገንዘብ ያለው ይግባ ማለት ነው። ፋርማሲው ይገባል፤ ባንኩ ይገባል፤ የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ይገባል። ባለ ሽሮ ቤቷ ያን ዋጋ ብትከፍል ሽሮዋን በዚያው ልክ መሸጥ ይኖርባታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሽሮ ቤት መሆኗ ያበቃል። ምሳ የሚፈልገው የቢሮ ሠራተኛም ያለው መሐል ከተማ እንጂ ገላን ጉራ አይደለም።

መሐል ከተማው ላይ የተተካው ምንድን ነው? የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ይህን አይቶ ማመስገን የካድሬነት ምልክት አይደለም። በመንገዱ ዳር ያሉት ቤቶች ግን በኪራያቸውም በዋጋቸውም ለሌላ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ዘይቱም ጋዙም አብሮ ተነሣ። ሽሮ ቤቶቹ ከፈረሳና ከዋጋ ንረት ጋር በአንድ ዓመት ተጋፈጡ። በየምሳው ጠረጴዛ ላይ የሚታየውን አንባቢም አይቶታል፤ እንደ ልብ ይጨመር የነበረው እንጀራ አሁን በሒሳብ ሆኗል፤ አንድ በያይነቱ ለሁለት ይታዘዛል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ወደ ምሳ ዕቃው ተመልሷል። ዶክተር ተብሎ የሚጠራው መምህርም ምሳ ዕቃውን ከመጻሕፍቱ መሐል ሸሽጎ ሲገባ አያለሁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ የሚያሳዝን ነገር ግን አለበት፤ ብቻውን ቢሮው ውስጥ ይበላልና።

የፖለቲካው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሽሮ ቤት ሰውን የሚያጠግብ ብቻ ሳይሆን የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ቤት ነው። ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ላይ ባዶ ወንበር ያገኘ ሁሉ «ሰው አለው?» ብሎ ይቀመጣል። ምግቡ ቀድሞ የደረሰለት ለማያውቀው ሰው «እንብላ» ይላል፤ ያም «ይብሉ፣ ይባርክ» ይላል። እዚህ ከተማ ውስጥ ሹፌርና ዳኛ፣ የደብር አገልጋይና የመርካቶ ነጋዴ ያለ ቀጠሮ ፊት ለፊት የሚቀመጡባቸው ስንት ሌሎች ቦታዎች አሉ? ሥጋ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በሁለት ሥጋ ቤት ይለያያል፤ ሽሮና በያይነቱ ግን አይለያዩም። በጾም ቀን በአንዲት ጠባብ ቤት ከአንድ ድስት የሚወጣውን ሽሮ ሁለቱም ይበላሉ፤ ስለ መቻቻል የሚደረግ ጉባኤ ይህን ያህል ሲሠራ አላየሁም።

ጀርመናዊው ሐበርማስ (ተማሪዎቼ የሰለቹት ስም) በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ በአውሮፓ የሕዝብ ሐሳብ የሚባለው ኃይል በቡና ቤቶች ውስጥ እንዴት እንደተጸነሰ አሳይቷል። ነገሩ ለነገሥታቱም አልተሰወራቸውም ነበር፤ የእንግሊዙ ዳግማዊ ቻርልስ በ1675 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የቡና ቤቶችን የሚያዘጋ ትእዛዝ አውጥቶ፣ ተቃውሞው ስለበረታበት በቀናት ውስጥ ሻረው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1997ቱ ምርጫ ሰሞን አራት ኪሎ መንገድ ዳር ጋዜጣ ተከራይቶ ያነበበ ሰው፣ ያነበበውን ይዞ የሚገባው ወዴት ነበር? ክርክሩ የሚፈላው ሽሮው ከሚፈላበት ቤት ነበር። ጆሮ ጠቢም አይጠፋም ነበር፤ ያልታወቀ ሰው ሲገባ ድምፅ ዝቅ ማለቱ ከደርግ ዘመን የወረስነው ሥነ ሥርዓት ነው። ቢሆንም ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይናገራል፤ የተናገረውን ሰው ዓይን እያየ ይሰማል፤ በማግስቱም እዚያው ስለሚገናኝ አፉን ይቆጥባል። ዛሬ በስልክ መስታወት ላይ የሚደረገውን የፖለቲካ ክርክር ያየ፣ ያ ቁጥብነት ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ይረዳል።

ሽሮ ቤቶቹን ሆን ብለው ለማፍረስ ያቀዱ ሰዎች አሉ ማለቴ አይደለም፤ በሤራ አላምንም። የሚታየኝ ከዚያ ቀላል ነገር ነው፤ በዕቅዱ ውስጥ ሽሮ ቤት የሚባል ነገር የለም። ሁለት ዓይነት ተመጋቢ ብቻ ነው የታሰበው። አንደኛው ባለ መስታወቱ ካፌ ውስጥ የሚቀመጠው ነው። ሁለተኛው ተረጂው ነው። የከተማው አስተዳደር ተስፋ ብርሃን በሚል ስም የምገባ ማዕከላትን ከፍቶ አቅም የሌላቸው ሰዎች በቀን አንድ ጊዜ እንዲበሉ አድርጓል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ልጆች ይመገባሉ። የራበውን ማብላት የተቀደሰ ሥራ ነው፤ በተለይ የትምህርት ቤቱን ምገባ የሚቃወም ልብ ያለው ሰው አይመስለኝም። ነገር ግን «ምገባ»፣ «ማዕድ ማጋራት» የሚሉት ቃላት የዘመኑ የፖለቲካ ቋንቋ ሲሆኑ፣ የድሮው የግብር አዳራሽ ሽታ ይሸተኛል። አብይና ተመጋቢ አለ ማለት ነው፤ እንዲያው ሲባል ሰጪና ተቀባይ። በመካከላቸው የነበረው ሰው፣ በኪሱ ባለችው ገንዘብ ሽሮውን ገዝቶ የሚበላው፣ ሀብታምም ተረጂም ያልሆነው፣ ወዴት ይግባ? ያ ሰው ደንበኛ ነበር። ደንበኛ «እትዬ፣ ዛሬ ጨው በዝቷል» ይላል፤ እትዬም ወይ ትቆጣለች፣ ወይ ትቀይርለታለች። በነጻ የሚበላ ሰው ስለ ጨው አያነሣም።

ስለ ንጽሕና የሚነሣውን ተቃውሞ አልሸሽም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ያስጨነቀው በሽታ (ስሙን ለመጥራት ስለተፈራ «አተት» የተባለው) ጥሬ አትክልትንና ያልተጠበቀ ውኃን ምን ያህል መፍራት እንደሚገባ አስተምሮናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ፍሳሽ መውረጃ በሌለበት፣ በከሰል ጭስ በታፈነ ጓዳ የተሠራ ምግብ አደጋ አለው። ጥያቄው ግን ቧንቧውን የማስገባት ግዴታ የማን ነበር የሚለው ነው። ለአርባ ዓመት ቤቱን ያከራየው ቀበሌ ውኃ ሳያስገባ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ቤቱን ቆሻሻ ነው ብሎ ማፍረስ ፍርድ አይደለም። መንግሥት ባለ ሽሮ ቤቷ ስንት እንደምታገኝ ለማወቅ ሲፈልግ ደጃፏ ድረስ መጥቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ተብሎ በየሱቁና በየምግብ ቤቱ የተለጠፈው ቁጥር ምን ያህል ቁጣ እንዳስነሣ እናስታውሳለን። ለግብር ሲሆን የምትታይ፣ ለቧንቧና ለምትክ ቦታ ሲሆን የማትታይ መሆኗ ነው የሚያስገርመው።

ባለሥልጣኖቻችን ሲንጋፖርን መጥቀስ ይወዳሉ። እንግዲያው ሲንጋፖርን ሙሉ አድርገን እንጥቀሳት። ሊ ኳን ዩ ከተማቸውን ሲያጸዱ በመንገድ ዳር ምግብ የሚሸጡትን ማስነሣታቸው እውነት ነው። ከማስነሣታቸው በፊት ግን መዘገቧቸው፤ በ1968 እና 1969 እ.ኤ.አ. 18,000 ያህል ሻጮች ተመዝግበው ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጣቸው። ከዚያም ውኃ፣ መብራትና ፍሳሽ የተዘረጋላቸው የጋራ የምግብ አዳራሾች በመኖሪያ ሰፈሮችና በሥራ ቦታዎች አጠገብ እየተሠሩ፣ ሻጮቹ በድጎማ ኪራይ እንዲገቡባቸው ተደረገ። ይህ በ1986 እ.ኤ.አ. እስኪጠናቀቅ ከዓሥራ አምስት ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዛሬ ከ100 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ አዳራሾች አሉ፤ ሚሊየነሩም የጽዳት ሠራተኛውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበሉባቸዋል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ባህሉ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሊ ኳን ዩ ለስላሳ ሰው አልነበሩም። የሠራተኛው ምሳ ከተወደደ ደመወዙም መወደድ እንዳለበት ግን ያውቁ ነበር። የእኛዎቹ ከሲንጋፖር የወሰዱት ሕንጻውን ነው፤ ምሳውን እዚያው ትተውታል።

የሚጠየቀው ከባድ ነገር አይደለም። በየኮሪደሩ ከሚሠሩት ሕንጻዎች ምድር ቤት ጥቂት ክፍሎች ከጨረታ ውጭ ይሁኑ፤ ኪራያቸው አነስተኛ፣ የሚሸጡበትም ዋጋ በውል የተወሰነ ይሁን። ቅድሚያውን ከዚያው ሰፈር የተነሡት ያግኙ፤ ከእነርሱም ውስጥ የይዞታ ወረቀት የሌላቸው ተከራዮች አይረሱ። ኢንቨስተር ከታክስ እፎይታ ጋር ቦታ በሚሰጠው ሀገር፣ አራት ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ቦታ ለባለ ሽሮ ቤት መስጠት ገበያን ማዛባት ነው የሚለኝ ኢኮኖሚስት ካለ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ፤ ምሳውን እኔ እጋብዛለሁ፣ ቦታውን እርሱ ይፈልግ።

ፒያሳና ካሳንቺስ ላይ ጊዜው አልፏል፤ ስንት ሽሮ ቤቶች እንደነበሩ የሚናገር ዝርዝር ለሕዝብ ሲቀርብ አላየንም። ሥራው ግን በሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች ተሻግሯል፤ ከአዲስ አበባም አልፎ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳ ደርሷል። በእነዚህ ከተሞች በየግድግዳው ላይ የቀይ ቀለም ምልክት ከመደረጉ በፊት አንድ ባለሙያ ደብተር ይዞ በምሳ ሰዓት ይዙር። የትኛው ቤት ውስጥ እንደሚበላ፣ ማን እንደሚያበስል፣ ስንት ሰው እንደሚመገብ፣ በስንት ብር እንደሚመገብ ይመዝግብ። ቤቶቹ በዚያ ሰዓት ክፍት ናቸው፤ ለመቁጠርም አያስቸግሩም።